‹ፖዘር› ጉረኛ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «ከእንግሊዝኛ አንድ ረዘም ያለ ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። ባለታሪኮቹ ስኬትቦርድ፣ ማለትም ባለጎማ ሰሌዳ የሚነዱ ወጣቶች ናቸው። ‹ፖዘር› የሚል ቃል እስካሁን አስራ አንድ ጊዜ ገጥሞኛል። አንዳንድ ቦታ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነው የመጣው። የያዝኩት መዝገበ ቃላት ‹ጉረኛ› ይላል። ጓደኛዬ ‹ስኖብ ማለት ነው፣ ቀብራራ በይው› አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ ‹ፖዝ ከሚለው የመጣ ነው፤ እንዳለ ፖዘር ብለሽ ጻፊው› ይላል። ማንን ልስማ? ቃሉስ የማን ነው?»

ወንድምዎ ስለ ቃሉ አመጣጥ ልክ ነው። ስለ አጻጻፉ ግን አልስማማም። ጓደኛዎ የጠቀሰችው ሌላ ቃል ነው። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አላገኘውም።

ከጉረኛ እንጀምር። ጉራ የአፍ ሥራ ነው። ይነዛል፣ ይቸረቸራል። ጉረኛ ዝም ካለ ጉረኛ መሆኑ አይታወቅም። ደግሞም የሚናገረው እውነት ሊሆን ይችላል። አንድ ጎበዝ ሯጭ «ማንም አይደርስብኝም» ቢል ጉረኛ እንለዋለን፤ ነገር ግን ይሮጣል። ፖዘር አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ጥግ ይዞ ቆሞም ፖዘር ይሆናል። ሥራው በአቋሙ፣ በልብሱ፣ በአያያዙ ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ያ ሁሉ ወግ ከኋላው ምንም የሌለው መሆኑ ነው። ሯጭ የሚመስለው ሰው አይሮጥም።

አሁን ወደ ቃሉ ልግባ፤ አመጣጡን ካላወቁ ትርጉሙን መምረጥ ይከብድዎታል።

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። ግሡ ‹ፖዜ› ሲሆን ማኖር፣ ማስቀመጥ፣ ማንጠፍ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው ‹ኧር› ሥራውን የሚሠራውን ሰው የምትጠራ ቅጥያ ናት። የእኛ ‹ሹፌር› መጨረሻ ላይ ያለችውም እሷው ናት። ሹፌር ቃል በቃል ቢፈታ ‹አሟቂ› ነው። በእንፋሎት ዘመን እሳት እየቆሰቆሰ ሞተሩን የሚያሞቀው ሰው ስም ነበር፤ መኪና ሲመጣ ስሙ ከነሰውየው መሪው ላይ ተቀመጠ። በዚሁ ስሌት ‹ፖዘር› መጀመሪያ ‹አስቀማጭ› ወይም ‹አንጣፊ› ነው። ዛሬም ፈረንሳይ ውስጥ ወለል ላይ ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሠራተኛ በዚህ ቃል ይጠራል። የባቡር ሐዲድ የሚዘረጋውም እንዲሁ። ፈንጂ የሚያጠምደው ሰው ሳይቀር በዚሁ ስም ይጠራል። ከፈረንሳይኛ በቀጥታ የሚተረጉሙበት ቀን ከመጣ ይህን ያስታውሱ። የግንባታ ውል ላይ ቃሉን አይተው «አስመሳይ» ብለው ቢጽፉ ሰውየውን ያለጥፋቱ ሰደቡት ማለት ነው።

ሰው ዕቃ ብቻ አያስቀምጥም፤ ራሱንም ያስቀምጣል። ለሠዓሊ ሞዴል ሆኖ ሳይነቃነቅ የሚቀመጥ ሰው በፈረንሳይኛ የሚሠራው ሥራ ይኸው ‹ፖዜ› ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦርዥ ሱራ እ.ኤ.አ. ከ1886 እስከ 1888 የሠራው አንድ ትልቅ ሥዕል አለ። በሥቱድዮው ውስጥ ሦስት ሴቶች ይታያሉ። የሥዕሉ ስም የቃሉ የሴት መልክ ነው፤ ‹ሌ ፖዙዝ› ይባላል። ዛሬ ፊላደልፊያ፣ ባርንዝ የሚባለው ስብስብ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ላይም ስድብ የለም። ሴቶቹ ሥራቸው ላይ ናቸው።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ይህ ቃል ከሠዓሊ ቤት ወጥቶ የሁሉም ሰው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1839 ፈረንሳዊው ዳጌር የፈጠረው ዘዴ ለዓለም ሲገለጽ አንድ ምስል ለማንሳት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ሰው ያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ፎቶ ቤቶች ከማጅራት በስተጀርባ ጭንቅላትን የሚደግፍ ብረት ያቆሙ ነበር። ፊት ለፊት ያለው ሰው የሚያየው የተረጋጋና የተከበረ ጌታ ነው። ከኋላ ግን ብረት አለ። ፈረንሳዮች ዛሬም ፊልሙ ለብርሃን የሚጋለጥበትን ጊዜ ‹ፖዝ› ይሉታል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ሳያውቀው የደረሰበት አንድ ነገር አለ። ሙዚቃ ወይም ፊልም ለጊዜው ስናቆም «ፖዝ አድርገው» እንላለን። ፎቶ ስንነሳም «ፖዝ» እንላለን። እንግሊዝኛ ውስጥ እነዚህ በድምፅም በአጻጻፍም ሁለት ቃላት ናቸው። እኛ አንድ አድርገን ጻፍናቸው። ብዙ ሰው ይህን የአማርኛ ፊደል ድክመት ያደርገዋል። ሥሩን ሲቆፍሩ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። መነሻቸው ዘግይቶ የመጣው የላቲን ግሥ ‹ፓውዛሬ› ነው፤ ማቆም፣ ማረፍ ማለት ነው። እሱም ከግሪክኛ የመጣ ነው። ላቲን ውስጥ ‹ፖኔሬ› የሚባል፣ ማስቀመጥ የሚል ሌላ ግሥ ነበረ። ሁለቱ በድምፅ ስለሚቀራረቡ ከጊዜ በኋላ ፈረንሳይኛው ‹ፖዜ› ‹ማስቀመጥ› የሚለውን ትርጉም ወረሰ። ስለዚህ ፖዝ የያዘ ሰው በመሠረቱ ራሱን ያቆመ ሰው ነው።

ቤታችን ውስጥ የአጎቴ ፎቶ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው። ከኋላው ፏፏቴ የተሣለበት ሸራ አለ። ኮቱ የፎቶ ቤቱ ነው፤ እጅጌው ስለሚረዝም የግራ እጁ ጣቶች ብቻ ይታያሉ። በቀኝ እጁ የስልክ እጀታ ጆሮው ላይ ይዟል። ገመዱ ወርዶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያልቃል። የትም አይሄድም። አጎቴ በሕይወቱ ስልክ ያለው ቤት ኖሮ አያውቅም። ያን ፎቶ ግን በኩራት ለእናቱ ላከላት፤ እሷም በኩራት ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በዚያ ዘመን እንዲህ የተነሳው ብዙ ሰው ነው። የእርስዎም ቤት ሳይኖር አይቀርም።

አጎቴ ፖዘር ነበር? አልነበረም። ፎቶ አንሺውም፣ እናቱም፣ ጎረቤቱም ስልኩ የፎቶ ቤቱ መሆኑን ያውቁ ነበር። ማንም አልተታለለም። ፖዝ ከፖዘር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፖዘር ከፎቶ ቤቱ ከወጣ በኋላም ስልኩን ከጆሮው ያላወረደ ሰው ነው። መንገድ ላይ እንደያዘው ይሄዳል። ገመዱ መቆረጡን ደግሞ በጃኬቱ ይሸፍናል። እባክዎ ይህን ልዩነት ይያዙት። በኋላ አማርኛውን የምመርጥልዎት በዚሁ ነው።

እንግሊዞች ቃሉን የተዋሱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ያን ጊዜ የተማሩ ሰዎች የሚሰዳደቡበት ቃል ነበር፤ ፈረንሳይኛ አጻጻፉም አብሮት መጣ። ዛሬም መጨረሻውን ጠበቅ አድርገው፣ እንደ ፈረንሳይኛ ሊያስመስሉ እየሞከሩ የሚያነቡት አሉ። በኋላ ወጣቶች ወሰዱት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፓንክ ሙዚቃ የሚወዱት፣ ቀጥሎም የሄቪ ሜታልና የስኬትቦርድ ልጆች እርስ በርስ ይሰዳደቡበት ጀመር። በእነሱ አፍ አጻጻፉም ተራ እንግሊዝኛ ሆነ። እርስዎ ያገኟቸው ሁለት አጻጻፎች ምክንያታቸው ይህ ነው። ሆኖም በዘፈቀደ የመጡ አይመስለኝም። ልጆቹ ሲናገሩ እንግሊዝኛው፣ ተራኪው ሲናገር ፈረንሳይኛው መጥቶ እንደሆነ ገልጠው ይመልከቱ። እንደዚያ ከሆነ ደራሲው ሆን ብሎ ሁለት ድምፅ ሰጥቶታል፤ እርስዎም ሁለት አማርኛ ያስፈልግዎታል።

ስኖብን በአጭሩ ልሸኘው። ስኖብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ጫማ ሰፊ ማለት ነበር። ከዚያ የኬምብሪጅ ተማሪዎች የከተማውን ተራ ነዋሪ ይጠሩበት ጀመር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእሱ በላይ ያሉትን ለመምሰል የሚንጠራራ ሰው ስም ሆነ። ዛሬ ደግሞ ከእሱ በታች ናቸው የሚላቸውን የሚንቅ ሰው ነው። «ከላቲን የመጣ ነው፣ ‹መኳንንት ያልሆነ› የሚለው ሐረግ አሕጽሮት ነው» የሚል ታሪክ ብዙ ቦታ ይነበባል። ተረት ነው፤ ማስታወሻዎ ውስጥ እንዳያስገቡት። ለእርስዎ የሚጠቅመው ልዩነቱ ነው። ስኖብ የሚንቅበት ነገር በእጁ ሊኖር ይችላል። ሀብቱም እውነት፣ ትምህርቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ ንቀቱ ነው። ፖዘር ማንንም ላይንቅ ይችላል። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስመስላቸውን ሰዎች ከልቡ ያደንቃቸዋል። ‹ቀብራራ› ለስኖብ ጥሩ ቃል ነው። ለዚህኛው አይሆንም።

ፈረንሳይኛ በዚህ ጉዳይ ቃል አያልቅበትም። እያንዳንዱ ቃል የሚይዘው ሰው ሌላ ስለሆነ አማርኛውም ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1659 ፈረንሳዊው የቲያትር ጸሐፊ ሞሊየር ፓሪስ ላይ ያሳየው አጭር ኮሜዲ ውስጥ ከገጠር የመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች አሉ። ወንበርን ወንበር ማለት ያሳፍራቸዋል፤ «የጨዋታ ምቾት» ይሉታል። መስታወት አምጪልን ለማለት «የውበት አማካሪውን» ይላሉ። አገልጋይዋ ምን እንደሚሉ አይገባትም። እነዚህን በአማርኛ ‹ቄንጠኛ› እንላቸዋለን። ቄንጣቸው በዝቷል። ግን ራሳቸው ያምኑበታል። ፖዘር ለመባል ከውስጥ ሌላ ከውጭ ሌላ መሆን ያስፈልግ ነበር።

ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ የመጡት ደግሞ አሉ። የአብዮቱ መሪ ሮብስፒየር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1794 ከወደቀ በኋላ በፓሪስ አንድ ዓይነት ወጣቶች ብቅ አሉ። አገጫቸውን የሚውጥ ትልቅ የአንገት ጨርቅ ይጠመጥማሉ። ቋጠሮ የበዛበት ከዘራ ይይዛሉ። ሲናገሩ ‹ር› የምትባለውን ድምፅ ይዘሏታል። የሚነገረው ምክንያት ‹አብዮት› የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ በእሷ ስለሚጀምር ነው የሚል ነው። «የማይታመን!» ማለት ይወዱ ስለነበር ስማቸው ራሱ ‹ኢንክሯያብል› ሆነ። እነሱ ግን ‹ር›ዋን አውጥተው ‹ኢንኮያብል› ነበር የሚሉት። ‹ሽቅርቅር› የሚለው አማርኛ ለእነዚህ የተሰፋ ይመስለኛል። ሽቅርቅር ግን ለመታየት የሚለብስ ሰው ነው። ያልሆነውን ነኝ የሚል ላይሆን ይችላል።

‹ፓርቬኑ› የሚባለው ቃል ፍቺው ‹የደረሰ› ነው። ከታች ተነስቶ ድንገት ሀብታም የሆነ፣ ግን የሀብታም ወጉ ገና ያልመጣለት ሰው ነው። ገንዘቡ እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ ፖዘር አይደለም። ‹ባለጊዜ› ብለው ለመተርጎም እንዳይቸኩሉ። ባለጊዜ ውስጥ ሥልጣን አለበት።

ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ‹ማቱቩ› ነው። አራት ቃላት ተጣብቀው አንድ ስም የሆኑበት ነው፤ ሲፈታ «አየኸኝ?» ይሆናል። የቲያትር ተዋንያን ሲገናኙ «እከሌ ሆኜ ስጫወት አየኸኝ?» እያሉ ከሚጠያየቁት የመጣ ነው። አሁን የአማርኛውን ተረት ያስታውሱ፤ «እዩኝ እዩኝ ያለ፣ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል።» ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ተመሳሳዩን ሰው አይተው ያንኑ ግሥ መረጡለት። ማቱቩ ከ‹እዩኝ ባይ› የተሻለ ትርጉም የለውም።

ፖዘርስ? ያሉትን አማራጮች አንድ በአንድ ላንሳ።

‹ግብዝ› የሃይማኖትና የሥነ ምግባር ቃል ነው። ወንጌል ውስጥ ያለ ቃል ስለሆነ ከባድ ነው። ስኬትቦርድ የያዘ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ቢጭኑት ልጁን ይደፋዋል። ‹ተመጻዳቂ›ም ያው ነው፤ ጽድቅን ይፈልጋል።

‹ፖዘኛ› ፖዝ ከሚለው ተነስቶ በእኛው ቅጥያ የተሠራ ነው፤ ሲባልም እሰማለሁ። አሠራሩ የሚያምር ነው። ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው የሚታየው ካሜራ ፊት የሚቅለሰለስ ወይም የሚኮፈስ ሰው ነው። ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ የሚለው አይመጣለትም። ከአጎቴ ፎቶ አያልፍም።

‹አስመሳይ› ቅርብ ነው። ‹መሰለ› ከሚለው ግሥ የመጣ በመሆኑ ዋናውን ነገር ይይዛል። ግን የሚያዘናጋ ክብደት አለው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን አስመሳይ የምንለው ወዳጅ መስሎ የሚጎዳን፣ ፊት ለፊት ስቆ ከኋላ የሚወጋ ሰው ነው። ፖዘር ማንንም አይጎዳም። የማንንም ገንዘብ አይወስድም። ስለዚህ አንባቢዎ ‹አስመሳይ› ሲል ካነበበ ልጁ ክህደት እስኪፈጽም መጠበቅ ይጀምራል፤ ታሪኩ ግን ያን አይሰጠውም።

የምመክርዎት ‹ነኝ ባይ› ነው። «አርቲስት ነኝ ባይ»፣ «ምሁር ነኝ ባይ» እንላለን። ለእርስዎ ታሪክ «ስኬተር ነኝ ባይ» ይሆናል። ይህ አባባል ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ ሰውየው የሚፈልገውን ስም፣ ስሙ የሱ አለመሆኑን፣ ተናጋሪውም አለማመኑን። ፈረንሳይኛውም ሲብራራ ወደዚህ ነው የሚመጣው። «ራሱን የተበደለ አድርጎ አቀረበ» ለማለት ፈረንሳዮች በዚያው ‹ፖዜ› በሚለው ግሥ «ራሱን ተበዳይ አድርጎ አስቀመጠ» ይላሉ።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። «ፖዘር ዝም ብሎም ፖዘር ነው ብለኸናል። ‹ባይ› ደግሞ ከ‹አለ› የመጣ ነው፤ መናገርን ይጠይቃል።» አማርኛን ደህና አድርገን ካየነው ግን ችግር የለም። ‹አለ› አፍ ብቻ አይደለም። ሰው ቀና ይላል። ኮራ ይላል። ጀነን ይላል። ኮፈስ ይላል። ዘንበል፣ ቀጥ፣ ደልደል ይላል። ይህን ሁሉ ሲል አፉን አይከፍትም። የአካል አቋምን ‹አለ› በሚለው ግሥ መናገር የአማርኛ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ሰው በትከሻው «ነኝ» ሊል ይችላል። እንዲያውም ለዚህ ቃል ከአማርኛ የተሻለ ቋንቋ አለ ብዬ አላምንም።

ወሰኑን ደግሞ ልንገርዎት። ‹ነኝ ባይ› ከፊቱ ስም ይፈልጋል። ብቻውን አይቆምም። ልጆቹ እየሮጡ አንዱን «ፖዘር!» ብለው ሲጮሁበት «ነኝ ባይ!» ብለው ቢጽፉ ማንም አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ አይሰድብም። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ «አስመሳይ!» ይበሉ። በአንድ ቃል የተወረወረ ስድብ ክብደቱ ያንሳል፤ ከአውዱም ይቃናል። ልጁን የሚገልጸው ተራኪው ሲሆን ግን ወደ ‹ነኝ ባይ› ይመለሱ። ‹ፖዘር› ብለው በፊደል መገልበጡን አልመክርም። አንዱ ምክንያት አንባቢው አለማወቁ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚያውቀውም ቢሆን የሚያውቀው ፎቶውን ነው፤ ‹ፖዝ› የሚለው ቃል ቦታውን ቀድሞ ይዞታል። የምፈቅደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ባለታሪኮቹ ስለ ቃሉ ራሱ የሚከራከሩበት ገጽ ካለ።

ፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ የገባበት ዘመን ነበረ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ‹ለገሃር› የሚለው ስም የዚያ ቅሪት ነው። ‹ቢሮ›፣ ‹ዳንቴል›፣ ‹አባዡር›፣ ‹ቡፌ› ፈረንሳይኛ ናቸው። ነጭ የሆነ ሁሉ ‹ሙሴ› ይባል ነበር። ዝርዝሩን ይመልከቱት፤ የዕቃ፣ የቦታ፣ የሥራ ስም ነው። የጠባይ ስም ፈልጌ አላገኘሁም። የሚያስፈልገን አልነበረም። ኩራተኛው፣ ቀብራራው፣ ጉረኛው፣ ቄንጠኛው፣ ሽቅርቅሩ ሁሉም ስም ነበረው። ዛሬም ያለን ቃል ይበቃናል።

ስለ ታሪኩ ዓለም ትንሽ ልጨምር፤ ካላወቁት ስድቡ የት ላይ እንደሚያርፍ አይገባዎትም። ስኬትቦርድ የሚነዱ ልጆች ነኝ ባዩን በዝርዝር ነው የሚያውቁት። ቦርዱን ከሥር ጎማው በታሰረበት ብረት አንጠልጥሎ የሚሄድ ልጅ ይሳቅበታል፤ ገበያ ማዕከል ውስጥ ለመታየት የሚዞር ልጅ አያያዝ ነው ይላሉ። ጫማ ያያሉ። ከቦርዱ ጋር ለመዝለል የፊተኛው እግር ጎን የቦርዱን ሸካራ ገጽ እየታከከ ይወጣል። ስለዚህ እውነተኛ የሚነዳ ልጅ ጫማ በአንድ ጎኑ ይበላል፤ አንዳንዴም ይቀደዳል። ጫማው አዲስ፣ ቦርዱ አዲስ፣ ክርኑ ላይ ጠባሳ የሌለው ልጅ ወዲያው ስም ይወጣለታል። ታሪክዎ ውስጥ ጫማ ወይም አያያዝ ከተጠቀሰ ቃሉ ቀጥሎ እንደሚመጣ ይጠብቁ። ያን ዝርዝር አይዝለሉት። ማስረጃው እሱ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ጀማሪ ነኝ ባይ አይደለም። የሚወድቅ፣ ተነስቶ እንደገና የሚሞክር ልጅ ጫማው አዲስ ቢሆንም አያስመስልም። እየተማረ ነው። ይህ ስድብ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚወረወረው ግን በጀማሪ ላይ ነው። ሴት ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። ቦርድ ይዛ የመጣች ልጅ ገና አንድ እግሯን ሳታነሳ ስሙ ይለጠፍባታል። ስለዚህ ሲተረጉሙ ማን ማንን እያለ እንደሆነ ይጠይቁ። ተራኪው ራሱ «ነኝ ባይ» ካለ፣ ልጁ እውነትም ያስመስላል ማለት ነው። አንዱ ልጅ ሌላውን ካለ ግን ስድቡ የሚናገረው ስለ ተሳዳቢው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ አማርኛዎ ለአንባቢው ፍርድ እንዳይሰጥ። ስድብነቱ ይታይ፤ እውነት መስሎ እንዳይነበብ።

እኛም ዘንድ ይህ ጥፋት አለ። አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ልጅ አዲስ አበባ መጥቶ ‹ር›ን ሲያለዝብ «ፈረንጅ ነኝ ባይ» ይባላል። ልጁ የሚያስመስለው ነገር የለም። ምላሱ የተገራው እዚያ ነው። አማርኛ ለመናገር መድከሙ ራሱ ሊመሰገን ይገባዋል። ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ሁለት ዓመት ውጭ ቆይቶ፣ «አማርኛው ጠፋብኝ» የሚለው ሌላ ነው። ለሁለቱ አንድ ቃል መስጠት በደል ነው።

ወደ ሥራዎ ልመልስዎት። አስራ አንዱን ቦታ አንድ ገጽ ላይ አንድ በአንድ ይጻፏቸው። ተናጋሪው ማን እንደሆነ በጎን ያስፍሩ። የተራኪው ከሆነ፣ የሚያስመስለውን ነገር ስም አስቀድመው ‹ነኝ ባይ› ይበሉ፤ ስሙ በየቦታው ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ ጋ ስኬተር፣ ሌላው ጋ ሙዚቀኛ። በልጆች አፍ የተወረወረ ከሆነ ‹አስመሳይ›። የማያስመስል ግን መታየት የሚወድ ባለታሪክ ከሆነ ‹እዩኝ ባይ›። ቃሉን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ለማድረግ አይጨነቁ። የእንግሊዝኛው አንድ መሆን አማርኛውን አንድ እንዲሆን አያስገድደውም።

በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የመጡትን ደግሞ ሁለቴ ያንብቧቸው። በዚያው ፊደል የሚጻፍ፣ ትርጉሙ ግን ፈጽሞ የተለየ ሌላ ቃል አለ። መመርመር፣ በጥያቄ ማፋጠጥ ከሚል አሮጌ ግሥ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ ‹የሚያፋጥጥ ጥያቄ› ነው። አስተማሪ ክፍል ውስጥ ወይም ሽማግሌ ሰው በጨዋታ መሃል ያነሳው ከሆነ፣ ሰው ሳይሆን ጥያቄ እየተጠራ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ «ይሄ እንኳን ከባድ ጥያቄ ነው» ብለው ይለፉት።